አስቸኳይ! ዊኪፔዲያ ላይ ቀመሬ ቀይ ሆነብኝ

ሒሳበኛዋ (ደሴ፣ ሆጤ)፦
እባካችሁ ድረሱልኝ። አማርኛ ዊኪፔዲያ ላይ ስለ ወረርሽኝ ስርጭት እየጻፍኩ ነበር። ከርማክና ማክኬንድሪክ በ1927 እ.ኤ.አ. ያወጡትን፣ ሰውን ተጋላጭ፣ ታማሚና ያገገመ ብሎ በሦስት የሚከፍለውን ሞዴል ማለቴ ነው። ሦስቱም ቀመሮች ቀይ ጽሑፍ ሆነው ቁጭ አሉ። ትናንት ደህና ነበሩ፣ ማንም አልነካቸውም። ነገ ጠዋት ለተማሪዎቼ አሳያለሁ ብያለሁ። ምን ይሻለኛል?

የጦሳ ልጅ፦
ገጹን ዝጊና ክፈቺው።

ሐረጎ፦
የሐረጎ ጉም ነው እሱ፤ እስከ አራት ሰዓት ይገልጣል 😂

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ ቀመሩ ለምን አስፈለገ? አንባቢው ሰው ነው። በቃል አስረጂው። አንድ የኩፍኝ ታማሚ፣ መከላከያ በሌለው ሕዝብ መሀል ከ12 እስከ 18 ሰው ያስይዛል ይባላል። 15 እንበል። ወረርሽኙ እንዲቆም ከ100 ሰው ከ93ቱ በላይ መከላከያ ሊኖረው ይገባል። ይኸው፣ ያለ ቀመር ገባችሁ።

ቦርከና፦
ጋሼ፣ 93ቱን ከየት አመጡት? ከአንድ ላይ አንድ አሥራ አምስተኛውን ቀንሰው አይደለም እንዴ? ቀመር እኮ ነው!

ኮምቦልቻ ጋራዥ፦
እህቴ፣ በስልክ ነው የምትጽፊው? በአማርኛ ኪቦርድ? ቀመሩ ውስጥ የእኛ ነጠላ ሰረዝ ወይም አራት ነጥብ ከገባ ይበላሻል። እኔንም አንድ ሌሊት አሳድሮኛል። የሒሳብ ምልክቱ ከሚከፈትበት እስከሚዘጋበት ያለውን በእንግሊዝኛ ኪቦርድ እንደገና ጻፊው። አራት ነጥቡን ከመዝጊያው ውጪ አድርጊው። ሳታስቀምጪ ቅድመ ዕይታውን እዪ።

የጦሳ ልጅ፦
ዝጊና ክፈቺው አልኩ እኮ።

ሰኞ ገበያ፦
«ማንም አልነካቸውም» ትያለሽ። የገጹን ታሪክ ከፍቼ አየሁት፤ ትናንት ማታ የነካሽው አንቺው ነሽ። ደግሞ የመጨረሻው አንቀጽ ምንጩ የራስሽ ጥናት ብቻ ነው። እሱን ውይይት ገጹ ላይ አቅርቢው፣ ካመነበት ሌላ ሰው ያስገባው።

ሒሳበኛዋ፦
ኧረ ለካ እኔው ነኝ! ሥርዓተ ነጥብ ላስተካክል ብዬ በስልክ አራት ነጥብ ስደረድር ነበር። ሁለቱ ዳኑ። ሦስተኛው ገና ቀይ ነው። ጋሼ፣ የእርስዎ 93 የሚሠራው ሰው ሁሉ እኩል ከተቀላቀለ ነው፤ ደሴ ገበያና ገጠር አንድ አይደሉም። ጥናቴ ግን ታትሟል እኮ!

ሰኞ ገበያ፦
ቢታተምም። የራስን ሲሆን ለሌላ ዓይን መተው ነው።

ኮምቦልቻ ጋራዥ፦
ሦስተኛው ላይ ጥምዝ ቅንፎቹን ቁጠሪ። የከፈትሽውን ሁሉ ዘግተሻል?

የጦሳ ልጅ፦
ዶክተር፣ ሆነ?

ሐረጎ፦
ዝም አለች። ወይ ሠርቶላታል፣ ወይ መብራት ሄዷል።