ክብደት ከቀነሰ በኋላ የተንጠለጠለ ቆዳን በቀዶ ሕክምና ማስወገድ፦ አሁን ወይስ ቆይቶ?

ጥያቄ
ከ14 ወራት በፊት የጨጓራ ማሳነሻ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ ከ138 ኪሎ ወደ 89 ወርጃለሁ፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ65 ነው። አሁንም በየወሩ አንድ ኪሎ ያህል እቀንሳለሁ። ይሁን እንጂ ከሆዴ በታች የተንጠለጠለው ቆዳ ስራመድ እየተፋተገ እጥፋቱ ውስጥ በተደጋጋሚ ይቆስላል። ቀዶ ሕክምናውን አሁን ላድርገው ወይስ ልጠብቅ? የቀረው ስብ አብሮ ቢመጠጥልኝስ ክብደቴ ይበልጥ አይቀንስም?

መልስ 1
በቅድሚያ ለደረሱበት ውጤት እንኳን ደስ አለዎት። ስብ መምጠጥ ቅርጽን ያስተካክላል እንጂ ውፍረትን አያክምም፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ ጥናት ከወፍራም ሴቶች ሆድ 10 ኪሎ ያህል ስብ ከተመጠጠ በኋላ የኢንሱሊን አሠራርም ሆነ የደም ግፊት እንዳልተሻሻለ አሳይቷል፤ የሚመጠጠው ከቆዳ ሥር ያለው ብቻ ስለሆነ በጉበትና በሆድ ዕቃ ዙሪያ የተከማቸው ባለበት ይቀራል። ጊዜውን በተመለከተ ክብደትዎ ቢያንስ ከ3 እስከ 6 ወራት ሳይለዋወጥ እስኪቆይ ቢታገሡ ይሻላል፤ ዛሬ በልክ የተሰፋ ቆዳ ነገ ሌላ ስምንት ኪሎ ሲወርዱ እንደገና ይላላልና። በሰጡት ቁጥር የሰውነት ክብደት መለኪያዎ (ቢኤምአይ) 33 ገደማ ነው፤ ከ30 በታች ሲሆን የቁስል መከፈት፣ የኢንፌክሽንና የደም መርጋት ሥጋት ይቀንሳል።

መልስ 2
እኔ በዚሁ መንገድ ያለፍኩ ነኝ። ቸኩዬ ቀጠሮ ብይዝም የደም ምርመራዬ ብረትና ፕሮቲን ማነሱን ስላሳየ ሐኪሜ ለአራት ወራት አራዘመብኝ። በወቅቱ እጅግ አዝኜ ነበር፤ ጠባሳው ከአንዱ ዳሌ እስከ ሌላው የሚደርስ ረጅም ቁስል መሆኑን ካየሁ በኋላ ግን አመሰገንኩት፤ ያንን የሚያድነው የሚበሉት ፕሮቲን ነውና። የሚያጨሱ ከሆነ ከቀዶ ሕክምናው በፊትም በኋላም ቢያንስ ለአራት ሳምንታት ማቆም ግድ ነው።

መልስ 3
በሁለቱም አሳብ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ቁስሉን በትዕግሥት ብቻ አይለፉት። የተንጠለጠለውን ቆዳ ብቻ ቆርጦ የሚያነሳው ቀዶ ሕክምና፣ የሆድ ጡንቻንም አጥብቆ ከሚሰፋው የውበት ቀዶ ሕክምና የተለየ ነው። በመድኃኒት የማይድን ተደጋጋሚ ኢንፌክሽን ሲኖር ገና የሚቀንሰው ክብደት ለቀረው ሰውም የመጀመሪያው ሊታሰብለት ይችላል። እስከዚያው እጥፋቱን ደረቅ አድርገው ይያዙ፤ በቆሰለ ቁጥርም ለሐኪም አሳይተው በካርድዎ ላይ ያስመዝግቡ።