በአነስተኛ ቡድን ከአስጎብኚ ጋር ጣልያንን ማየት፦ ተጨማሪ ገንዘብ ሊከፈልበት ይገባል?

የጦሳ ግርጌ (ደሴ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ያገሬ ልጆች። በደሴ ከተማ ለሠላሳ አራት ዓመታት ታሪክ ሳስተምር ቆይቼ ዘንድሮ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከእኛ በስተሰሜን፣ አምባሰል ውስጥ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመውን የውጫሌ ውል ለስንትና ስንት ተማሪ ሳስረዳ የኖርሁ ሰው ብሆንም፣ የሌላኛውን ተዋዋይ አገር በዐይኔ አይቼው አላውቅም። ጀርመን የምትኖረው ልጃችን አሁን ለእኔና ለእናቷ የጣልያንን ጉዞ ልትከፍልልን ወስናለች።

የላከችልን አማራጭ ሁለት ነው። በአንደኛው ሃምሳ ያህል ሰው በትልቅ አውቶቡስ ተሳፍሮ በስምንት ቀን ስድስት ከተማ ያያል። በሁለተኛው ከ12 የማይበልጡ ሰዎች ከአንድ አስጎብኚ ጋር ሮምን፣ ፍሎረንስንና ቬኒስን ብቻ በዘጠኝ ቀን ያያሉ፤ ዋጋው ግን የመጀመሪያውን እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። ልጄ ሁለተኛውን ትመርጣለች፤ እኔን ደግሞ የልጄ ላብ ያሳስበኛል። ባለቤቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ጉዞው የሚውለውም በዐቢይ ጾም ነው። የሄዳችሁ ሰዎች ያያችሁትን ብትነግሩኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

የተከበሩ መምህር፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎ። እኔ ከሦስት ዓመት በፊት ከታላቅ እህቴ ጋር ሆኜ፣ 11 ሰዎች በነበሩበት ቡድን ሮምንና ፍሎረንስን አይቻለሁ። በመጀመሪያው ምሽት አስጎብኛችን እራት ላይ ሰብስባ እያንዳንዳችንን ምን ለማየት እንደመጣን ጠየቀችን። ሌሎቹ ኮሎሲየምን፣ ቫቲካንን እያሉ ሲመልሱ፣ እኔ ተራዬ ሲደርስ የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረውን ቦታ ማየት እንደምፈልግ ተናገርሁ። በፕሮግራሙ ላይ አልነበረም። በማግስቱ ግን ከኮሎሲየም ወጥተን በእግር ስንሄድ መንገዷን ጥቂት አዙራ ፖርታ ካፔና ከሚባለው አደባባይ አቆመችን።

ሐውልቱ በ1929 ዓ.ም. ከአክሱም ተወስዶ የተተከለው እዚያ ነበር፤ ፊት ለፊቱ ያለው ትልቅ ሕንፃ ዛሬ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ከካናዳና ከአውስትራሊያ የመጡት የቡድናችን ሰዎች ይህን ታሪክ ሰምተውት አያውቁም ነበር፤ አስጎብኛችንም ለእኔ ንግግሩን ለቀቀችልኝ። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣ 24 ሜትር ርዝመትና 160 ቶን ያህል ክብደት ያለው ድንጋይ በ1997 ዓ.ም. ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን ወደ አገሩ እንደተመለሰና በ2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዳግመኛ ቆሞ እንደተመረቀ ነገርኋቸው፤ የጎደለኝን ቃል እሷ ትሞላልኝ ነበር። ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ቆምን፤ አንድም ሰው ሰዓቱን አላየም። መምህር፣ ገንዘቡ የሚከፈለው ለዚህ ነው። ሃምሳ ሰው በያዘ አውቶቡስ ውስጥ የእኔን ጥያቄ የሚሰማ፣ ቢሰማም መንገድ የሚያዞርልኝ ማንም ባልኖረ ነበር።

በቫቲካንም ከቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት ላይ ሆነን፣ ከባዚሊካው (ከትልቁ ቤተ ክርስቲያን) ጀርባ ያለውንና በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተሰጠውን የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያንን አሳየችን። ሐይቅ እስጢፋኖስን እንደ ጎረቤት የምናውቅ የወሎ ልጆች ያንን ስም እዚያ ስንሰማ ምን እንደሚሰማን እርስዎ አይጠፋዎትም፤ እህቴ ባለችበት ተሳልማ ዕንባዋ ወረደ።

ስለ ባለቤትዎ ጉልበት ግን ጉልላቱ ላይ እንዳይወጡ እመክራለሁ። ሙሉው ደረጃ 551 ነው፤ ሊፍት ቢይዙም 320 ይቀራል። ከእኛ ጋር የነበሩ አንዲት እናት ታች ባዚሊካው ውስጥ አርፈው ጠብቀውናል፤ ቡድኑ ትንሽ ስለሆነ ማንም ተቸግሮ አልተበሳጨም።

ጾሙ አያስጨንቅዎት። ለአስጎብኚዋ አንድ ጊዜ ብቻ ነገርናት፤ ከዚያ በኋላ ምግብ ቤት ሁሉ አስቀድማ እየደወለች ታስረዳልን ነበር። በቲማቲም የተሠራ ፓስታ አለ፤ ማሪናራ የሚባለው ፒዛም አይብ የለበትም፣ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ብቻ ነው። ደረቁ ፓስታ እንቁላል የለበትም፤ በእጅ የሚሠራው ትኩሱ ግን ብዙውን ጊዜ በእንቁላል ስለሚቦካ ይጠይቁ።

ቧንቧ ውሃ (ደሴ)

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የቪዛውን ነገር ያስቡበት። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ባሳለፈው ውሳኔ፣ የኢትዮጵያውያን ማመልከቻ መደበኛ የመልስ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም እንዳይሰጥ ተደርጓል። ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ መግባት ስለሚችል ከወዲሁ ይጀምሩ። ክፍያው ከ2024 ጀምሮ 90 ዩሮ ሲሆን፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና ዋስትናም ይጠየቃሉ።

ማመልከት ያለብዎት ብዙ ቀን ለሚቆዩበት አገር ነው። ጣልያንን ብቻ አይተው የሚመለሱ ከሆነ ለጣልያን ያመለክታሉ፤ ከጉብኝቱ በኋላ ልጅዎ ዘንድ ሦስት ሳምንት የሚሰነብቱ ከሆነ ግን ዋናው መድረሻዎ ጀርመን ይሆናል። ይህ ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ የያዘ ሰው ከሼንገን ክልል (በአንድ ቪዛ ከሚዞርባቸው የአውሮፓ አገሮች) ወጥቶ መመለስ አይችልም፤ የአጎቴ ልጅ ክሮኤሽያን ስትጎበኝ፣ ቡድኗ ለአንድ ቀን ወደ ቦስኒያዋ ሞስታር ሲሻገር እሷ ዱብሮቭኒክ ሆቴል ውስጥ ብቻዋን ቀርታለች። የእርስዎ ጉዞ ከጣልያን ስለማይወጣ በዚህ በኩል ስጋት የለብዎትም።

ውሉ አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከተቋቋመ አዘጋጅ ጋር ከሆነ፣ ከመነሻው በፊት ዋጋው ከ8 በመቶ በላይ ቢጨመር ያለ ቅጣት ማቋረጥ እንደሚችሉ የኅብረቱ ሕግ ይደነግጋል። ልጅዎ ይህን ታውቀው ዘንድ ይንገሯት።

ሰኞ ገበያ (ደሴ)

አሰላሙ አለይኩም፣ መምህር። ጣልያንን አላውቀውም፤ ነገር ግን ሁለቱንም ዓይነት ጉዞ ስፔን ውስጥ ቀምሻለሁ። መጀመሪያ የሄድሁት በትልቁ አውቶቡስ ሲሆን፣ ከኮርዶባ የማስታውሰው የፊት ለፊቴን ሰው ጀርባ ነው። ከዓመታት በኋላ ከባለቤቴ ጋር በ10 ሰው ቡድን ተመለስሁ። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ785 የተጀመረውንና በ1236 ካቴድራል የሆነውን የኮርዶባን መስጊድ፣ ከ800 በላይ በሆኑት ዓምዶቹ መካከል ቀስ ብለን እየተዘዋወርን አየነው። ግራናዳ ላይ ደግሞ አስጎብኛችን የሰላት ሰዓታችንን አስልቶ፣ የአልሐምብራው ቤተ መንግሥት ጉብኝት እንዳለቀ እ.ኤ.አ. በ2003 ወደተከፈተው የአልባይሲን መስጊድ ወሰደን። ከግቢው ሆኖ አልሐምብራን ፊት ለፊት ማየት፣ አልሐምዱሊላህ፣ እስካሁን ከዐይኔ አልጠፋም።

የአልሐምብራ ቤተ መንግሥት መግቢያ በስምና በሰዓት የተወሰነ ነው። በመጀመሪያው ጉዞዬ አንድ ሰው መታጠቢያ ቤት ቆይቶ አርባ ስምንት ሰው እሱን ሲጠብቅ ሰዓታችን አለፈብን። ዐሥር ሰው ግን እርስ በርሱ ይተዋወቃል፤ ማን እንደጎደለ ሳይቆጠር ይታወቃል።

ሐረጎ (ኮምቦልቻ)

ከሌሎቹ ትንሽ እለያለሁ። ልጅዎ አውሮፓ ስለምትኖር ፈቃድ ካገኘች አብራችሁ ብትሄድ፣ በሦስቱ ከተሞች መካከል በባቡር ብትጓዙና ለየከተማው ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ለግማሽ ቀን ብትይዙ፣ ወጪው ሊቀንስ ይችላል። በዕድሜ የገፉ ወላጆችን ከልጅ በላይ የሚንከባከብ የለም። ልጅዎ ዘጠኝ ቀን ፈቃድ የማታገኝ ከሆነ ግን የአሥራ ሁለቱን ሰው ጉዞ ይምረጡ፤ ቬኒስም እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ከ25 ሰው በላይ የሆነ ቡድን እንዳይንቀሳቀስ፣ አስጎብኚም በድምፅ ማጉያ እንዳይናገር ስለከለከለች፣ ትልቁ አውቶቡስ እዚያ ሲደርስ መከፋፈሉ አይቀርም። ቬኒስ መኪና የማይገባባትና ድልድዮቿ ደረጃ ያላቸው ከተማ ስለሆነች፣ ሆቴሉ ከጀልባ ማቆሚያ ስንት ድልድይ እንደሚርቅ አስቀድመው ይጠይቁ።

የጦሳ ግርጌ (ደሴ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የቦርከና ዳርን ጽሑፍ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብሁላት፤ ሐውልቱ ጋ ስደርስ አቋርጣ «ያንን ቦታ ሳላይ አልመለስም» አለችኝ። ልጄ ፈቃድ የምታገኘው ለአራት ቀን ብቻ ስለሆነ የትንሹን ቡድን ጉዞ ወስነናል፤ እሷም ቬኒስ ላይ ትቀላቀለናለች። ዛሬ ማታ ለአዘጋጆቹ የምታስተላልፍልኝን ሁለት ጥያቄ ጽፌላታለሁ፤ አንዱ የድልድዮቹ ቁጥር ነው፣ ሌላው ከኮሎሲየም እስከ ፖርታ ካፔና ባለው መንገድ አረፍ የሚባልበት መቀመጫ መኖሩ ነው።