ኒው ኦርሊንስን ያሰጠማት ማነው? (ክርክር)

ቡና ጠጪ፦
ትናንት ከጓደኞቼ ጋር ተጨቃጭቀን ሳንስማማ ተለያየን፣ እስኪ እናንተ ፍረዱን። ነገሩ አሜሪካን የመታው ሄሪኬን ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ነው። ኦገስት 29 ቀን 2005። ከኒው ኦርሊንስ ከተማ 80 በመቶው ውሃ ውስጥ ገባ፣ ከሺህ በላይ ሰው አለቀ። እኔ ጥፋቱ የቡሽ መንግሥት ነው ባይ ነኝ። ፌማን፣ የፌደራሉን የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት ማለቴ ነው፣ ይመራ የነበረው ማይክል ብራውን ከዚያ በፊት የአረብ ፈረሶች ማኅበር ውስጥ የውድድር ዳኞች ኃላፊ ነበር። ፈረስ! ሕዝብ በኮንቬንሽን ሴንተሩ ተጠራቅሞ ውሃ ሲለምን ዓለም በቴሌቪዥን እያየ፣ ሰውየው ሴፕቴምበር 1 ላይ ወጥቶ «ይህን የሰማነው ገና ዛሬ ነው» አለ። በማግስቱ ቡሽ መጥቶ «ብራውኒ፣ ግሩም ሥራ እየሠራህ ነው» አለው። አስር ቀን ቆይቶ ግሩሙ ሰውዬ ሥራ ለቀቀ።

ባለ ኮንክሪት፦
ወንድሜ፣ ፈረሱን ተወውና ከተማዋን ከጎርፍ ይጠብቃል የተባለውን ግንብ እይ። ብዙ ሰው ውሃው በግንቡ ላይ ዘሎ የገባ ይመስለዋል። አንዳንድ ቦታ እውነት ነው። የከተማውን የዝናብ ውሃ ወደ ሐይቅ በሚያወጡት በ17ኛው ጎዳና ቦይና በለንደን አቬኑ ቦይ ላይ ግን ውሃው ጫፉ ጋ ሳይደርስ ነው ግንቡ የተናደው። አፈር ክምር አናት ላይ የቆመ ቀጭን የኮንክሪት ግድግዳ አስብ፣ ሥሩ ወደ መሬት የተመታ ብረት ነው። ውሃው ሲገፋው ግድግዳው ትንሽ ጋደል ይላል፣ በግድግዳውና በአፈሩ መካከል ስንጥቅ ይከፈታል፣ ውሃው በዚያች ስንጥቅ ወደ ታች ይገባል። በ17ኛው ጎዳና ከሥር ያለው ድሮ ረግረግ የነበረ ለስላሳ ጭቃ ነው፣ ግንቡን እንደተሸከመ ተንሸራተተ። በለንደን አቬኑ ደግሞ አሸዋ ነው፣ ውሃው በሥሩ ሾልኮ ወጣ። ብረቱ ጠልቆ አልተተከለም፣ በቃ። ይህን የነደፈው የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ክፍል ነው። ራሱ ያሠራው ምርመራ እንኳ በ2006 መከላከያውን በስም ብቻ ያለ ሥርዓት ብሎታል። ብራውን ሊቅ ቢሆን ኖሮ ግንቡ ይቆም ነበር?

የሂውስተኗ፦
እኔ ያኔ እዚህ ሂውስተን፣ አስትሮዶም ስታዲየም ከጎርፉ ሸሽተው ለተጠለሉት ምግብ ለማደል ገብቼ ነበር። አንዲት ትልቅ ሴትዮ አልረሳትም። በሁለት እግሯ ሁለት ዓይነት ጫማ፣ እጇ ላይ ባዶ የስኳር መድኃኒት ብልቃጥ። «መኪና የለኝም፣ አውቶቡስ ይመጣል ብዬ ቁጭ አልኩ» አለችኝ። ከንቲባ ሬይ ኔጊን ከተማዋን በግዴታ ልቀቁ ያለው መቼ ነው? እሑድ፣ ኦገስት 28። ሰኞ ጠዋት አውሎ ነፋሱ ገባ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፣ እዚህ ጭራሽ መታጠቂያውም አልነበረ። ቢጫዎቹ የተማሪ አውቶቡሶች በሰልፍ እንደቆሙ ውሃ ሲውጣቸው ፎቶውን ሁላችሁም አይታችኋል። ስለዚህ ሁሉንም ዋሽንግተን ላይ አትጫኑ።

ቡና ጠጪ፦
እህቴ፣ ሹፌር አልነበረም ተብሏል እኮ።

የሂውስተኗ፦
ሹፌር በአውሎ ነፋሱ ማለዳ ነው እንዴ የሚፈለገው? በ2004 ራሱ ፌማ ገንዘብ አውጥቶ፣ «ፓም» የሚባል የፈጠራ አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን ቢመታ ምን እንሆናለን ብለው ሁሉም አንድ ላይ ተለማምደዋል። ከተማውም፣ ክፍለ ግዛቱም፣ ፌደራሉም ያውቅ ነበር።

ነገረ ፈጅ፦
ከሕግ በኩል ነገሩ የበለጠ ያናድዳል። ቤታቸው የጠፋ ሰዎች የጦሩን መሐንዲሶች ከሰሱ። በ1928 የወጣ ሕግ አለ፣ መንግሥት በጎርፍ መከላከያ ሥራው ለደረሰ ጉዳት አይከሰስም የሚል። ዳኛው በ2008 መሐንዲሶቹን ክፉኛ ወቅሶ፣ እጄ በሕግ ታስሯል ብሎ የቦዮቹን ክስ ዘጋው። ሚስተር ጎ የሚባለው ሌላ ቦይ ግን ለመርከብ የተቆፈረ ስለሆነ ያ ሕግ አልሸፈነውም፣ በ2009 ከሳሾች ረቱ። ደስታው ብዙም አልቆየ፣ በ2012 ይግባኝ ሰሚው መጀመሪያ አጸናላቸው፣ በዚያው ዓመት ራሱ መልሶ ሻረው። እንግዲህ አስቡት፣ ጎርፍ ይከላከላል ብለህ የሠራኸው ግንብ ሰው ሲጨርስ አትከሰስም፣ ለመርከብ የቆፈርከው ግን ቢያንስ ፍርድ ቤት ያቆምሃል።

ባለ ኮንክሪት፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ ለጦሩ ጥብቅና ቆመ እንዳትሉኝ ብቻ። መሐንዲሶቹ መጀመሪያ የፈለጉት ቦዮቹ ሐይቁን በሚገናኙበት አፍ ላይ መዝጊያ መሥራት ነበር። የከተማው የግንብ ቦርድና የፍሳሽ መሥሪያ ቤቱ እምቢ አሉ፣ ምክንያቱም ከከተማ የሚገፉት የዝናብ ውሃ የሚወጣው በእነዚያው ቦዮች ነው። ኮንግረስም ከእነሱ ጋር ቆመና በቦዮቹ ዳርና ዳር ግድግዳ ይሠራ ተባለ። ከዚያ ግድግዳውን በደካማ አፈር ላይ አሳንሶ የተከለው ጦሩ ነው፣ ያንን ማንም አላዘዘውም። ከጎርፉ በኋላ ግን ሁሉም የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሆነ። ለማንኛውም መዝጊያዎቹ አሁን አሉ። መላው የከተማዋ መከላከያ 14.5 ቢሊዮን ዶላር ወጥቶበት እንደገና ተሠራ፣ ሄሪኬን አይዳ በዚያው ቀን ኦገስት 29፣ 2021 መጣ፣ ግንቡ ንቅንቅ አላለም። ይቻል ነበር ማለት ነው።

የሂውስተኗ፦
ግንቡ ቆመ፣ እሺ። መብራቱስ? አይዳ ኤሌክትሪኩን ገነጣጥሎት ከተማው ለቀናት ጨለመ፣ ሽማግሌዎች አፓርታማቸው ውስጥ በሙቀት ሞቱ። ያቺ ሴትዮ በሕይወት ብትኖር አሁንም መኪና የላትም።

ቡና ጠጪ፦
ይሁን፣ ከንቲባውንም ጨምሬያለሁ፣ ጦሩንም። ፈረሰኛውን ግን አልለቅም።