አባታችን የጀመሩት የመኪና ንግድና የዱቤው ልማድ

ጥያቄ፦
ደብረ ማርቆስ ውስጥ መኪና እየሸጡ ያሳደጉን አባታችን ዕድሜያቸው በመግፋቱ ሥራውን ለእኔና ለእህቴ አስረክበዋል። እሳቸው ጤፉንና ስንዴውን እስኪሸጥ ገንዘብ ለማይደርሰው ገበሬ አይሱዙም ሆነ ሚኒባስ በዱቤ ይሰጡ ነበር፤ ሊብሬውን ግን ዕዳው እስኪያልቅ በስማቸው ያቆዩታል። ምጥ የያዛት እናት አለች ሲባሉ በሌሊትም ቢሆን ቁልፍ ነፍገው አያውቁም፤ የእድሩንም አስከሬን ያለ ክፍያ ያደርሱ ነበር። ይህን ልማድ ሳናፈርስ እንዴት እንሥራ?

መልስ 1፦
እግዚአብሔር ዕድሜያቸውን ያርዝመው። እኔን የሚያሳስበኝ የሊብሬው ነገር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ስለሚያደርግ፣ ገዢው ዐባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ሰው ቢጎዳበት ካሳ የሚጠየቁት ስማቸው በሊብሬው ላይ የሰፈረው አባታችሁ ሊሆኑ ይችላሉ። ስሙን አዛውሩና ዕዳውን በመያዣ አስጠብቁ፤ አዋጅ ቁጥር 1147/2011 የተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣን ይፈቅዳል። የሕግ ባለሙያ ውሉን ይመልከትላችሁ።

መልስ 2፦
የዱቤው ገዢ ዛሬ የበለጠ ይቸገራል። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን አስወድዷል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ታግዷል። ስለዚህ ዱቤውን አታቋርጡ፤ ዋስ የሚሆን የእቁብ ጓደኛ ጠይቁ እንጂ።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። አባታችንን ዛሬ ማታ አማክራቸዋለሁ፤ የሌሊቱ ቁልፍ ግን እንደ ቀድሞው በር አጠገብ ይሰቀላል።