ሥራው ሞልቶ እጄ ላይ ገንዘብ የለም፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ የሥራ ልብስ ሰፊ

ሰላም ለሁላችሁ። የሥራ ልብስ እሰፋለሁ፤ ቱታ፣ ጋዋን፣ የጥበቃ ልብስ፣ እንዲህ ያለውን። ሁለት ሠራተኞች አሉኝ። አንዱ ቆራጭ ነው፣ አንዷ ከእኔ ጋር ማሽን ላይ ትውላለች። ሥራ አልጠፋም፤ እንዲያውም ከዓምናው ዘንድሮ እጥፍ ሆኗል። ደንበኞቼ በአብዛኛው ድርጅቶች ናቸው። በኪሳራም አልሸጥም። በእያንዳንዱ ልብስ የወጣብኝን አስልቼ 30 በመቶ እጨምርበታለሁ።

የሚያስጨንቀኝ የወሩ መጨረሻ ነው። ደመወዝና ኪራይ ሲደርስ ካሽ የለም። መዝገቡ አተረፍሽ ይለኛል፣ ካዝናው ባዶ ነው። ባለቤቴ "የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው" ይላል። ደረሰኞቹን አንድ በአንድ አመሳክሬያለሁ፣ የጎደለ ነገር የለም። ያለ እንቅልፍ የማድርበት ሌሊት በዛ፤ የሁለት ሰው እንጀራ በእኔ ላይ ነው።

ሁለት ነገር አስቤያለሁ። አንደኛው ዋጋ 10 በመቶ ቀንሼ ብዙ መሸጥ፣ ሁለተኛው ብድር መውሰድ። በዚህ ያለፈ ሰው ይምከረኝ።


መልስ፦ የሂሳብ ሠራተኛ

እህቴ፣ ገንዘብሽ አልጠፋም። ፀጉሬ የሸበተው የትንንሽ ነጋዴዎችን መዝገብ ስይዝ ነው፤ ይህን ጥያቄ ይዘው የሚመጡት አብዛኞቹ እንዳንቺ ጎበዝ ሠራተኞች ናቸው። ስለዚህ አትደንግጪ። ገንዘቡ የት እንዳለ እንፈልገው።

ትርፍ ሌላ፣ ካሽ ሌላ ነው። ልብሱን አስረክበሽ ሽያጩን ስትመዘግቢ ትርፉ መዝገብ ላይ ተቀመጠ። ካሹ የሚገባው ግን ድርጅቱ የከፈለ ዕለት ነው። እስከዚያ ጨርቁንም፣ ክሩንም፣ የሠራተኛውንም ደመወዝ የቻልሽው አንቺ ነሽ።

አንድ ትዕዛዝ ያዢና በቀን ተከተይው። ጨርቁ መደርደሪያሽ ላይ ከገባ ጀምሮ ልብስ ሆኖ እስኪወጣ 40 ቀን ፈጀ እንበል። ድርጅቱ ከተረከበ በኋላ በ30ኛው ቀን ከፈለ። 70 ቀን ሆነ። የጨርቅ ነጋዴው የታገሰሽ 15 ቀን ብቻ ከሆነ፣ የቀረው 55 ቀን የሚሸፈነው ከአንቺ ኪስ ነው። አሁን ልብ በይ። ሥራሽ እጥፍ ሲሆን ለዚያ 55 ቀን የሚታሰረው ገንዘብም እጥፍ ይሆናል። ካሽ ያጠረሽ ሥራው ስላደገ ነው። ብዙ ሰው ይህን ለማመን ይቸገራል፤ ትርፋማ ሆኖ የሚዘጋ ቤት ግን የሚዘጋው በዚህ መንገድ ነው።

ዋጋ መቀነሱን ተዪው። ሂሳቡን እንሥራው። 100 የወጣበትን ልብስ በ130 ትሸጫለሽ። ከ130 ላይ 10 በመቶ ሲነሳ 117 ይቀራል። ገዢው ያገኘው ቅናሽ 10 በመቶ ነው፣ ያንቺ ትርፍ ግን ከ30 ወደ 17 ወረደ፤ ግማሽ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ትርፍ ጠፋ ማለት ነው። ድሮ 100 ልብስ ሸጠሽ ያገኘሽውን ለማግኘት አሁን 177 መስፋት አለብሽ። ለተጨማሪው 77 ልብስ ጨርቅ የምትገዢበት ካሽ ከየት ይመጣል? የምትሸሺውን ችግር ራስሽ ታሰፊዋለሽ።

ደግሞ "የወጣብኝ" ስትዪ የራስሽን ደመወዝ ጨምረሽበታል? ማሽን ላይ የምትውዪው አንቺም ነሽ። ካልጨመርሽው 30 በመቶው ትርፍ ሳይሆን ያልተከፈለ ጉልበትሽ ነው። ይህንን በጣም አጥብቄ እላለሁ። ለራስሽ ቁርጥ ደመወዝ ወስኚ፣ እንደ ሠራተኞችሽ ወር ጠብቀሽ ውሰጂ፣ የቤት ወጪ ከዚያ ይሁን። የቤቱና የሥራው ገንዘብ በአንድ ሂሳብ ከተቀላቀለ ምንም ቀመር አያወጣሽም።

ብድር በራሱ ክፉ አይደለም። ለዓመታት የሚያገለግል ማሽን በረጅም ጊዜ ብድር ቢገዛ ያስኬዳል፣ ማሽኑ እየሠራ ይከፍለዋል። ደንበኛ ያዘገየውን ለመሸፈን ከሆነ ግን ወለድ እየከፈልሽ ለደንበኛሽ ታበድሪያለሽ ማለት ነው። ብድር ከመጠየቅሽ በፊት እነዚያን 55 ቀኖች አሳጥሪ።

አንድ ወረቀት ላይ 13 ሳምንት በመስመር አስምሪ፤ ያ ሦስት ወር ነው። በየሳምንቱ በእርግጥ የሚገባውን፣ የሚወጣውንና የሚቀረውን ጻፊ። "ይከፍሉኛል ብዬ አስባለሁ" የምትይውን ሳይሆን ከዚህ በፊት በከፈሉበት ልማድ የሚመጣውን። ቀሪው ከዜሮ በታች የሚወርድበትን ሳምንት አስቀድመሽ ታዪዋለሽ። በአምስተኛው ሳምንት የሚመጣ ጉድለት ዛሬ ከታወቀ መላ አለው፣ የዚያኑ ዕለት ጠዋት ከታወቀ ግን የለውም።

ጣሊያናዊው መነኩሴ ሉካ ፓቺዮሊ እ.ኤ.አ. በ1494 ባሳተመው የሂሳብ መጽሐፍ ለነጋዴ የሚያስፈልጉ ሦስት ነገሮችን ሲዘረዝር ከሁሉ ያስቀደመው ጥሬ ገንዘብን ነው። መዝገብ አያያዝን ለዓለም ያስተማረ ሰው መዝገቡን ከካሽ በኋላ ማስቀመጡ ሁልጊዜ ይገርመኛል።


መልስ፦ ማተሚያ ቤት ያለኝ

ጋሼ ከላይ ያሉት እውነት ነው። እኔ የምጨምረው ቀብድን ነው። እኛ ጋ ግማሽ ካልተከፈለ ወረቀት አይቆረጥም። ሥሌቱ ቀላል ነው፤ ቀብዱ ቢያንስ የጥሬ ዕቃውን ዋጋ መሸፈን አለበት። ደንበኛው ቢጠፋ እንኳ የሚባክነው ጉልበቴ ነው፣ ወረቀት ነጋዴው አይጮህብኝም።

አንቺ ጋ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ነገር ይቻላል። የድርጅቱ ስምና ዓርማ የተጠለፈበት ቱታ ለሌላ አይሸጥም። እንዲህ ያለውን ያለ ቀብድ መጀመር ልክ አይደለም፣ ይህን ለደንበኛው ብታስረጂው ይገባዋል። 200 ልብስ ከታዘዘሽ በአንዴ አታስረክቢ። 50 አስረክቢ፣ የ50ውን ተቀበይ፣ ቀጥይ።


መልስ፦ ግዢ ክፍል የሠራሁ

ቀብዱ ለግለሰብና ለትንሽ ድርጅት ይሠራል። ትልልቆቹ ግን ብዙ ጊዜ ቀብድ አይከፍሉም፤ ደንባቸው አይፈቅድላቸውም። ስለዚህ ከእነሱ ጋር በሌላ በኩል መሄድ ይሻላል። ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ተቀምጬ ያየሁትን ልንገርሽ።

ክፍያ የሚዘገየው ሁሌ በክፋት አይደለም። ሻጩ ኢንቮይስ (የክፍያ መጠየቂያ) ያመጣል፣ የግዢ ትዕዛዝ ቁጥሩ አልተጻፈበትም። ወይም ከዕቃ ክፍል የተፈረመው የመረከቢያ ወረቀት አልተያያዘም። ወይም ትዕዛዙ 120 ይላል፣ ኢንቮይሱ 118፤ ሁለቱ በቀጣይ ይመጣሉ ተብሎ በቃል ተነግሯል። ሂሳብ ክፍል ሦስቱን ወረቀት ጎን ለጎን ያደርግና አንዱ ካልገጠመ ወደ ጎን ይገፋዋል። ማንም ደውሎ አይነግርሽም። አንቺ "ሊከፍሉኝ አልፈለጉም" ብለሽ ስትብከነከኚ ወረቀትሽ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ልብሱን ያስረከብሽ ዕለት ኢንቮይሱን ስጪ፣ ለሳምንት አታሳድሪው። ቼክ የሚፈረምበትን ቀን ጠይቂ። ብዙ ቦታ በሳምንት ወይም በወር የተወሰነ ቀን አለው፤ በአንድ ቀን ካመለጠሽ ቀጣዩን ዙር ትጠብቂያለሽ። ደግሞ ትዕዛዝ ከሚሰጥሽ ሰው ይልቅ ክፍያ የምታዘጋጀዋን ሠራተኛ እወቂ። መክፈያው ከመድረሱ ከጥቂት ቀን በፊት "ወረቀቴ ተሟልቷል ወይ?" ብሎ መደወል ነውር የለውም። ካለፈ በኋላ ከመጨቃጨቅ በጣም ይሻላል።


ጠያቂ፦ የሥራ ልብስ ሰፊ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ጋሼ፣ እንዳሉኝ ወረቀቱን አስምሬ ሞላሁት። ደንበኞች ካለባቸው ዱቤ ከግማሽ በላዩ አንድ ድርጅት ላይ ነው ያለው። መደርደሪያው ላይ ደግሞ "ይረክሳል" ብዬ የገዛሁት ግራጫ ጨርቅ ሦስት ጣቃ ሳይነካ ተቀምጧል። የሚፈስ ነገር እንደሌለ ለባለቤቴ አሳየሁት። አሁን የምፈራው ይህንን ትልቁን ደንበኛ ነው። ጠንከር ብዬ ብናገር ቢሄድብኝስ?


መልስ፦ የሂሳብ ሠራተኛ

ጎበዝ። ግራጫውን ጨርቅ በወጣበት ዋጋ ቢሆንም ልቀቂው፤ ያለ ሥራ የተቀመጠ ጨርቅ ያው የታሰረ ካሽ ነው። አዲስ ጣቃ ትዕዛዝ ሳይኖር አትግዢ።

ስለ ደንበኛው፣ እስካሁን በዱቤ የወሰደውን ውል አትለውጪበት። አዲሱን ትዕዛዝ ግን በአዲስ ውል አድርጊው፤ አሮጌው ዱቤ ሲከፈል የአዲሱ ጨርቅ ይቆረጣል። በስልክ አትናገሪ፣ በጽሑፍ ይሁን። እንዲህ ብትዪስ፦ "ትዕዛዛችሁን ተቀብያለሁ፣ አመሰግናለሁ። ያለፈው ኢንቮይስ እንደተከፈለ በማግስቱ መቁረጥ እጀምራለሁ፣ በተባለው ቀንም አስረክባለሁ።" ቁጣ የለበትም፣ ልመናም የለበትም።

ሊሄድ ይችላል ወይ? ይችላል። ለዚህ ነው ከዛሬ ጀምሮ ትንንሽ ደንበኞችን መጨመር ያለብሽ፤ ቀብድ የሚከፍሉት እነሱ ናቸው። የድርጅቱ መልስ ሲመጣ እዚሁ ጻፊልን፣ 13 ሳምንቱን እንደገና አብረን እናየዋለን።