የምክር ቤት አባል ለፈጠራ ምን ይጠቅማል? ሕግ ያውጣ ወይስ እጁን ይሰብስብ?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ አጭር ነው። አንድ የምክር ቤት አባል የመንግሥት ፖሊሲ ለፈጠራ እንዲመች ቢፈልግ ከየት ይጀምር? ስለ በጀትና ስለ ግብር እፎይታ ሁሌም ይወራል፤ እሱን እንለፈውና ስለ ሕጉ ራሱ እናውራ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ብትጽፉ አንደናገርም።

ሶፍትዌር ሠሪው፦ እኔ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ተዉን። ፈቃድ ለማውጣት የሄድኩበት መሥሪያ ቤት ፎርም ላይ «የመጋዘኑ ስፋት በካሬ ሜትር» የሚል ቦታ አለ። እኔ የምሠራው ሶፍትዌር ነው። ባዶውን ስተወው መለሱብኝ። ዜሮ ስጽፍ «ዜሮ አይቀበልም» ተባልኩ። መጨረሻ ላይ የመኝታ ቤቴን ስፋት ጻፍኩና አለፈ። አሁን በሞባይል ገንዘብ የሚላክበትን የኬንያውን ኤም-ፔሳ እዩ። በ2007 ሲጀምር ለሞባይል ገንዘብ የወጣ ሕግ አልነበረም። ማዕከላዊ ባንኩ «ተቃውሞ የለንም» የሚል ደብዳቤ ሰጠ፤ ሥራው ተጀመረ። የክፍያ ሥርዓት ሕጉ የወጣው በ2011 ነው። ፓርላማው ቀድሞ ቢገባበት ኖሮ እስካሁን ቋሚ ኮሚቴ ጋ ነበር።

ሕግ አጥኚዋ፦ በመጋዘኑ በጣም ነው የሳቅኩት። ምሳሌህ ግን ለኔ ነው የሚመሰክረው። ያን ደብዳቤ ያገኘው የኤም-ፔሳ ባለቤት የቴሌኮም ድርጅቱ ሳፋሪኮም ነው፤ ያኔም ግዙፍ ድርጅት ነበር። አንተና ጓደኛህ ላፕቶፕ ይዛችሁ ብትሄዱ የባንኩ ገዢ ቀርቶ ጸሐፊው ያናግራችኋል? ደግሞ በደብዳቤ የተሰጠ ነገር በደብዳቤ ይነሣል። ሕግ የሚያስፈልገው በሩ ለትንሹም እንዲከፈት ነው። የእንግሊዝ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ በ2016 ሳንድቦክስ የሚሉትን ጀመረ። አዲስ አገልግሎት ያለው ድርጅት ያመለክታል፣ ይመረጣል፣ ለተወሰነ ጊዜ በተወሰኑ እውነተኛ ደንበኞች ላይ ይሞክራል፤ ተቆጣጣሪው አጠገቡ ሆኖ ያያል። የምክር ቤት አባል ሥራው ይህን ሥልጣን አዋጁ ውስጥ ማስገባት ነው። ማን ያመለክታል፣ በስንት ቀን መልስ ያገኛል፣ ለምን ተከለከለ፤ ሁሉም በጽሑፍ።

ጡረተኛው ኦዲተር፦ ልጆች፣ «ተዉን» የሚለው ቃል እኔን ያስፈራኛል። ታሊዶማይድ የሚባል መድኃኒት በ1957 ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ለሽያጭ ቀረበ። እርጉዞች ለማቅለሽለሽ ወሰዱት። ከአሥር ሺህ በላይ ሕፃናት እጅ እግራቸው ሳይሠራ ወይም ሌላ ጉዳት ይዘው ተወለዱ። አሜሪካ ውስጥ ማመልከቻው በ1960 ሲቀርብ ፍራንሲስ ኬልሲ የምትባል የመድኃኒት መርማሪ «ማስረጃው አይበቃም» ብላ ያዘችው። ኩባንያው ወተወታት፤ አልበገር አለች። ዛሬ ብትሆን «ፈጠራን የምታጓትት ቢሮክራት» ይሏት ነበር። በ1962 የአሜሪካ ምክር ቤት ሕጉን አጠበቀው፤ አምራቹ መድኃኒቱ እንደሚሠራም ማስረጃ እንዲያቀርብ አስገደደ። ይህም የሕግ አውጪ ሥራ ነው።

ሶፍትዌር ሠሪው፦ ጋሼ፣ ያሉት እውነት ነው፤ ግን የኔ አፕ የሚዋጥ አይደለም።

ጡረተኛው ኦዲተር፦ የሰው ገንዘብ ግን ይውጣል።

ሕግ አጥኚዋ፦ ጋሼ በዚህ ረቱህ። እኔ ግን የምጨነቀው ለሌላው ዓይነት ሕግ ነው፤ ምክንያቱ ሞቶ እሱ ለሚኖረው። እንግሊዝ በ1865 በሞተር ለሚሄድ ተሽከርካሪ ሕግ አወጣች። ከተማ ውስጥ በሰዓት ሁለት ማይል፣ ከከተማ ውጭ አራት። ከፊቱ 55 ሜትር ያህል ቀድሞ ቀይ ባንዲራ የያዘ ሰው በእግሩ ይሂድ። ሲወጣ ሞኝነት አልነበረም፤ መንገዱ የፈረስ ነበር፣ ማሽኑም ከባድ የእንፋሎት ጎታች። ባንዲራው በ1878 ቀረ፤ ቀድሞ የሚሄደው ሰውና ፍጥነቱ ግን እስከ 1896 ቆዩ። ጀርመናዊው ካርል ቤንዝ በ1886 የመኪናውን የፈጠራ መብት ሲያስመዘግብ እንግሊዝ ገና ሰው ከፊት እያስኬደች ነበር። ስለዚህ እንዲህ ያለ ግዴታ የማብቂያ ቀን ይጻፍበት። ቀኑ ሲደርስ ይቀጥል የሚለው አካል መጥቶ ያስረዳ። ዛሬ የሚለፋው ይሻር የሚለው ነው።

ጡረተኛው ኦዲተር፦ የማብቂያ ቀን ያለው ሕግ በአንድ ከሰዓት እጅ በማውጣት ሲታደስ አይቻለሁ። ሪፖርቱን ገልጦ ያነበበ አልነበረም።

መሐንዲሱ፦ የጋሼ ነጥብ ዋናው ይመስለኛል፤ አባላቱ ራሳቸው የሚረዱበት መንገድ ከሌላቸው ሚኒስቴሩ ያለውን ያጸድቃሉ። የአሜሪካ ምክር ቤት ቴክኖሎጂ የሚመረምርለት የራሱ ቢሮ ነበረው፤ በ1972 በሕግ አቋቁሞ በ1995 በጀቱን ከልክሎ ዘጋው። ገንዘብ ለመቆጠብ! ዳኛው ማን ነው የሚለውም ቀላል አይደለም። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1714 መርከብ በባሕር ላይ ኬንትሮሱን፣ ማለትም ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ የቱ ላይ እንዳለ፣ የሚያውቅበትን ዘዴ ላገኘ እስከ 20,000 ፓውንድ እሰጣለሁ ብሎ ደነገገ። በማን ወይም በምን ዘዴ አላለም፤ ውጤት ብቻ። ይሄን እወደዋለሁ። ጆን ሃሪሰን የሚባል አናጢ ሰዓት ሠራ፣ ሰዓቱም በባሕር ጉዞ ተፈተነ። ዳኞቹ መካከል ግን መልሱ የሚገኘው ከሰዓት ሳይሆን የጨረቃን አቀማመጥ በመለካት ነው የሚሉ የሥነ ፈለክ ሰዎች ነበሩበት። ቀሪውን ገንዘብ ፓርላማው ራሱ ጣልቃ ገብቶ የሰጠው በ1773 ነው። ሰውዬው 80 ዓመቱ ነበር።

ሶፍትዌር ሠሪው፦ እሺ፣ «ተዉን» ያልኩትን ግማሹን አንሥቻለሁ። የማብቂያ ቀኑ ግን ከመጋዘኑ ፎርም ይጀምር።

ጡረተኛው ኦዲተር፦ ይጀምር። ቀኑ ሲደርስ ግን ፎርሙ ይጠቅማል አይጠቅምም የሚለውን ሪፖርት ማን ይጽፋል? ያው ፎርሙን ያወጣው መሥሪያ ቤት ከሆነ ምን እንደሚል ከአሁኑ ልነግራችሁ እችላለሁ።