ጣርማ በር ዳገት ላይ ውሃ የሚበላ መኪና፦ ከየት ነው የሚፈሰው?

ጤና ይስጥልን፣ በተለይ መካኒኮች። ከሸዋሮቢት ደብረ ብርሃን ሽንኩርት የምጭንበት የቆየ የናፍጣ መኪና አለኝ። ሜዳ ላይ ደህና ነው፤ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ዳገቱን ሲይዝ ግን የሙቀት ጌጁ ወደ ቀዩ ይጠጋል፣ ኩላንቱም (የሞተር ማቀዝቀዣው ውሃ) ይጎድላል። ሲቀዘቅዝ ጠብታ እንኳ የለም። የራዲያተሩ ጎማዎች ደረቅ ናቸው፣ ዘይቱ አልነጣም፣ ነጭ ጭስም የለም። ከውሃ ፓምፑ ስር ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ጋ ግን የደረቀ አረንጓዴ እድፍ አለ፤ እኔ እሱን ጠርጥሬያለሁ። ጋራዡ «ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይውረድ» ባይ ነው፤ ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ ግፊት መያዝ ያቃተው የራዲያተሩ ክዳን ይሆን እንዴ? ቴስታታ ሳይወርድ የሚለይበትን መንገድ፣ ወይም በዚህ አካባቢ የግፊት መሞከሪያ ያለው ጋራዥ የምታውቁ ንገሩኝ። ሰኞ ጭነት አለብኝ።